የሆድን በፊት፦ ስሜትን የሚያሳይ የሰው ሥዕል አሣሣል

እርሳስ ይዞ የሰው ፊት መሣል የጀመረ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይደርሳል። አፍንጫው ልኩን ይዟል፣ ዓይኖቹ ተስተካክለዋል፣ ያየ ሁሉ «እሱ ራሱ ነው!» ይላል። ሥዕሉ ግን እንደ መታወቂያ ፎቶ ደርቆ ያፈጥባችኋል። ሰውየው ምን እንደሚያሳስበው፣ ደስ ብሎት ይሁን ተሰላችቶ፣ ማንን እየጠበቀ እንደሆነ የሚናገር ነገር የለውም። ያኔ አብዛኞቻችን ስሜት ለመጨመር እንነሣለን፤ ግንባር እናኮማትራለን፣ ፈገግታ እናሰፋለን፣ ካስፈለገም አንድ ዘለላ ዕንባ እናክላለን። ሥዕሉ ትወና ይሆናል እንጂ ሰውየው አይመጣም።

ስሜት በቀጥታ አይሣልም። ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ግማሽ የወረደ የዓይን ቆብ፣ የተጫነ የከንፈር ጫፍ፣ ወደ ፊት የወደቀ ትከሻ ነው። ስለዚህ ሥራችሁ ሰውየው እየታየ መሆኑን ሲረሳ ምን እንደሚለወጥ መለየት፣ ያንን መርጦ በትክክል ማስፈር፣ የቀረውን መተው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ድሬዳዋ ውስጥ፣ ሳቢያን ላይ ሆኖ የሰፈሩን ሰው ለሚሥል የተዘጋጁ ናቸው። የድሬዳዋ ፀሐይ፣ ሙቀትና የከሰዓት ልማድ በሰው ፊት ላይ የራሳቸውን ምልክት ያሳርፋሉና ከስሜት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ለማስረዳት እንዲያመች አንዲት ተሣይ በሐሳባችሁ ያዙ፦ አስፋልት ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ በመደብ ደርድራ የምትሸጥ፣ ዕድሜዋ ወደ 50 የሚጠጋ ሴት።

1. ሰው ምረጡ፣ ፈቃድ ጠይቁ

መጀመሪያ ላይ እጁ ሥራ የያዘ ሰው ምረጡ። ቡና የምታፈላ፣ ልብስ የሚሰፋ፣ ባጃጁን የሚወለውል ሰው ሥራው ሐሳቡን ስለሚወስድለት ፊቱን ለእናንተ ብሎ አያሳምርም። ዝም ብሎ እንዲቀመጥ የተነገረው ሰው ግን ወዲያው የፎቶ ቤት አቀማመጡን ያመጣል፤ ጀርባ ቀጥ፣ እጅ ጉልበት ላይ፣ ፊት ኮስተር። ደግሞም ነገና ከነገ ወዲያ ልታገኙት የምትችሉት ሰው ይሁን፤ አንድ ቁጭታ አይበቃም።

ተደብቆ መሣል ከነውርነቱ በላይ ሥራውንም ያበላሻል። የድሬ ሰው ወሬ አይጠላም፣ ቶሎም ይቀርባል፤ ቢሆንም መንገድ ዳር ለምትሸጥ ሴት ወረቀትና እርሳስ ይዞ የሚያፈጥባት ሰው መጀመሪያ የሚመስላት ደንብ አስከባሪ ነው። ያኔ የምትሥሉት የእሷን ፊት ሳይሆን እናንተ ያመጣችሁባትን ሥጋት ይሆናል። ምን እንደምትሠሩ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ሥዕሉን ለማን እንደምታሳዩ አስቀድማችሁ ንገሯት። ሽንኩርቱንም ቀድማችሁ ግዙ፤ ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ዞር በሉ። በሃይማኖቱ ምክንያት መልኩ እንዲሣል የማይፈልግ ሰው አለና «አይሆንም» ከተባላችሁ ምክንያት አትጠይቁ። ሳቢያን ሆስፒታል በር ላይ በሽተኛ የሚጠብቁ ሰዎች ፊታቸው ብዙ ይናገራል፤ ነገር ግን በጭንቅ ላይ ያለ ሰው ፈቃድ ለመስጠትም ለመከልከልም አቅም የለውም፤ እነሱን ተዉአቸው።

2. ሰዓትና ብርሃን

ምርጡ ሰዓት ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ፊትን ለሁለት ይከፍለዋል፤ የጉንጭ አጥንት፣ የዓይን ጉድጓድና የከንፈር ቅርጽ በግልጽ ይታያሉ። እኩለ ቀን ላይ ግን ፀሐይ ከአናት ትወርዳለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንታት ድሬዳዋ ላይ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብላ አናት ላይ ስለምትቆም ዓይኖች በቅንድብ ጥላ ይዋጣሉ፣ ከአፍንጫ ሥር ጥቁር ነጠብጣብ ይወርዳል። እንዲህ ባለው ብርሃን የተሣለ ሰው ሁሉ የተቆጣ ይመስላል።

ጥላ ውስጥ ብትቀመጡም አሸዋማውን መሬት አትርሱ። የነጣ መሬት ብርሃኑን ከታች ወደ ላይ ስለሚመልሰው የአገጭና የአንገት ጥላ ይጠፋል፣ ፊቱም ይሰፋል። ተሣያችሁ እግር ሥር ጠቆር ያለ ምንጣፍ ወይም ጨርቅ ብታነጥፉ ጥላው ይመለሳል።

ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጫት የሚቅም ሰው አንድ ጉንጩ ይወጠራል፣ የከንፈሩም መስመር ወደዚያው ይሳባል፤ ሳታስቡት ከሣላችሁት ጥርሱን ያመመው ወይም ያኮረፈ ይመስላል። መጀመሪያ ላይ ይጫወታል፣ ዓይኑ ይበራል፤ ምርቃና ሲይዘው ደግሞ ዝም ብሎ ዓይኑን አንድ ቦታ ይተክላል። ያንን ዝምታ ኀዘን ብላችሁ አትተርጉሙት። የሰውየውን የራሱን ሁኔታ ከፈለጋችሁ በጠዋት ሂዱ፤ የጫቱን ቁጭታ፣ በርጫውን፣ ከፈለጋችሁ ደግሞ የተወጠረውን ጉንጭም ቅጠሉንም አብራችሁ አስገቡ፤ ተመልካች ነገሩ እንዲገባው።

3. ዕቃችሁን አዘጋጁ

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ኤችቢ፣ 2ቢ እና 6ቢ እርሳስ፣ ለስላሳ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ ጠንካራ ካርቶን ወይም ቀጭን ጣውላ፣ ወረቀቱን የሚይዙ ሁለት መቆንጠጫዎች። መቆንጠጫው ግድ ነው፤ ቤት ውስጥ ስትሠሩ ቬንቲሌተሩ ወረቀቱን ያርገበግበዋል።

ለጠይም ፊት ከነጭ ወረቀት ይልቅ ካኪ ወረቀት ይመቻል። የወረቀቱ ቀለም ራሱ መካከለኛው የቆዳ ቀለም ስለሚሆንላችሁ ጥቁሩን በከሰል፣ ብርሃኑን በነጭ ጠመኔ ብቻ ታስገባላችሁ። ሻካራውን ገጹን ተጠቀሙ፤ ለስላሳው ጠመኔ አይዝም። ካኪ ወረቀት ከጊዜ ጋር ስለሚደርቅና ስለሚሰባበር ለልምምድ እንጂ ለዘለቄታ አይሆንም።

የማድቤት ከሰል ደረቅ ነው፤ ወረቀት ይቧጭራል። የሥዕል ከሰል ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ፦ እርሳስ የሚያህሉ ቀጫጭን፣ ሙጫ የሌላቸው ደረቅ እንጨቶችን ልጣቸውን ልጣችሁ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ጠቅጥቁ፤ ክዳኑን ጥብቅ አድርጉና በሚስማር አንድ ትንሽ ቀዳዳ ብሱ፤ የተቀጣጠለ ከሰል ላይ አስቀምጡት። ከቀዳዳው የሚወጣው ጭስ ሲያቆም አውርዱት። ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱት፤ አየር ሲያገኝ ይቀጣጠላል።

በሙቀት እጅ ያልበዋል፤ በላብ የተነካ እርሳስ ደግሞ ይጨማለቃል፣ በላጲስም አይለቅም። ከመዳፋችሁ ሥር ሁልጊዜ አንድ ንጹሕ ወረቀት አኑሩ።

4. እርሳሱን ሳታነሡ እዩ

የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት አትሣሉ። ተሣያችሁን ስለሚያውቀው ነገር አጫውቱት፤ ስለ ገበያ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዘንድሮ ሙቀት። ዓይናችሁ ግን ሁለት ነገር ያነጻጽር፦ ሲያወራ ፊቱ ምን ይመስላል? ወሬው ሲቋረጥስ? ሰው ሲያወራ የሚያሳየው ፊት ለሰው ያዘጋጀው ነው። ዝም ካለ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ የሚመጣው ፊት ነው የራሱ።

ያያችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሕጉ ይህ ነው፦ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አንድም የስሜት ቃል አይግባ። «አዝናለች»፣ «ተጨንቃለች» አትበሉ። ሽንኩርት ሻጯን ተመልከቱ፦ «ደንበኛ ሲመጣ ጥርሷ ይታያል፤ ደንበኛው እንደዞረ አፏ ይገጥማል፣ ዓይኗ ወደ አስፋልቱ ይመለሳል፤ ግራ እጇ ወገቧ ላይ ካሰረችው የገንዘብ ቦርሳ አይነሣም።» ይህ ሊሣል ይችላል። «ተጨንቃለች» ግን አይሣልም፤ እንዲያውም ከሌላ ሥዕል የምታስታውሱትን የጭንቀት ፊት እንድትገለብጡ ይገፋፋችኋል። ዓረፍተ ነገሩን ከወረቀታችሁ ጥግ ላይ አኑሩት፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የሚለካው በእሱ ነው።

5. ከፊት በፊት አቀማመጥን ያዙ

የእጅ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ አምስት ፈጣን ንድፎች ሥሩ፤ ለእያንዳንዱ ከሁለት ደቂቃ በላይ አትስጡ። ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ አታስገቡ። የራሱን ዘንበል ማለት፣ የአንገቱን ማዕዘን፣ የትከሻውን መስመር ብቻ። አንገቱን የደፋ፣ ደረቱን የነፋ፣ ትከሻውን የሰበሰበ ሰው ከሩቅ ይታወቃል፤ ፊቱን ለማየት እንኳ አንጠጋም። የወልዲያው ተወላጅ ሠዓሊ ታደሰ መስፍን ለረጅም ዘመን የሣላቸውን የጉሊት ሴቶች ብታዩ ብዙው ነገር በአቋቋማቸውና በአቀማመጣቸው ያለቀ ነው።

የምትሥሉበትን አቅጣጫም እዚህ ላይ ወስኑ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ቅዱሳን በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ከሃዲውና ሰይጣኑ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ለእናንተ አቅጣጫ የጽድቅና የኃጢአት ጉዳይ አይደለም፤ ነገር ግን ትርጉም አለው። ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ከተመልካች ጋር ይነጋገራል። በጎን የታየ ሰው ለእኛ ዝግ ነው። ሦስት አራተኛ የዞረ ፊት ሁለቱንም ዓይን ያሳያል፣ የአንገቱንም ጅማት ያወጣል፤ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ለሆነ ሰው ይሄ ይመቻል። የእኛ ሻጭ አስፋልቱን ስለምታይ ምርጫችን ይኸው ነው።

6. ልኬቱን አስተካክሉ

ስሜት ማለት ፊት ከተለመደ ቦታው ትንሽ ሲንቀሳቀስ የሚታይ ነገር ነው። መነሻው ከተንጋደደ የእናንተ ስህተት ስሜት መስሎ ይነበባል፤ አንዱ ዓይን ሳታስቡት ዝቅ ካለ ሴትዮዋ ተጠራጣሪ ትሆናለች። ስለዚህ በኤችቢ፣ በስሱ፣ እነዚህን ምልክቶች አድርጉ፦ ዓይኖች ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት መካከል ላይ ይውላሉ፤ በሁለቱ ዓይኖች መካከል አንድ ዓይን የሚያክል ቦታ አለ፤ የአፍንጫ ሥር ከቅንድብ እስከ አገጭ ካለው ግማሽ ላይ፣ የከንፈር መስመር ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጭ ካለው የመጀመሪያው ሲሶ ላይ ነው። ይህ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ከተሣያችሁ ፊት ጋር አመሳክሩትና የሚለይበትን ጻፉ። የሰው መልክ ያለው ከልኬቱ በሚለይበት ቦታ ነው። ጭንቅላት ሲደፋ ጆሮዎች ከዓይኖች ከፍ ይላሉ፣ ግንባር ይሰፋል፣ አገጭ ያጥራል፤ ይህን ካልተከተላችሁ ያቀረቀረ ሰው ሳይሆን አጭር አገጭ ያለው ሰው ይወጣችኋል።

የስልክ ፎቶ ለመመሳከሪያ ይረዳል፤ ከቅርብ የተነሣ ግን አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ይሸሽጋል። ሁለት ሜትር ያህል ራቁና አቅርባችሁ አንሡ። ፎቶውን ለልኬት እንጂ ለስሜት አትመኑት፤ ስልክ ሲነሣበት ሁሉም ሰው የፎቶ ፊቱን ያወጣል።

7. ዓይንና ቅንድብ

በዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ ስጡ። በእርጋታ ላይ ባለ ዓይን የላይኛው ቆብ የጥቁሩን ጫፍ በትንሹ ይሸፍነዋል፤ የታችኛው ቆብ ሥሩን ይነካዋል። ከጥቁሩ በላይ ነጩ ከታየ ሰውየው ደንግጧል ወይም ተገርሟል። ቆቡ እስከ ብሌኑ ከወረደ ደክሟል ወይም ልቡ እዚህ የለም። ልዩነቱ የአንድ እርሳስ መስመር ውፍረት ነውና ቆቡን ከመሣላችሁ በፊት ሁለቴ እዩ።

ቀጥሎ ዓይኖቹ የሚያዩት ቅርብ ወይስ ሩቅ መሆኑን ለዩ። ቅርብ የሚያይ ሰው ሁለቱ ብሌኖቹ ወደ ውስጥ ይጠጋሉ፤ ሐሳብ ይዞት የሄደ ሰው ግን ብሌኖቹ ጎን ለጎን፣ ትይዩ ሆነው ይቀመጣሉ። ብዙዎች በልምድ ብሌኖቹን ስለሚያቀራርቡ ሐሳብ የያዘው ሰው ዝንብ የሚያይ ሆኖ ይወጣል።

በቅንድብ ላይ ከሁሉ የሚታመነው ምልክት የውስጠኛው ጫፍ ነው። ሰው ሲያዝን ከአፍንጫ በኩል ያሉት ጫፎች ወደ ላይ ይሳባሉ፤ አብዛኛው ሰው ይህን አስቦ ሊያደርገው አይችልም። የተቋጠረ ግንባር ግን አታላይ ነው፤ ቁጣም፣ ትኩረትም፣ ፀሐይም ያመጡታል። ድሬ ላይ ደግሞ በብዛት የሚያመጣው ፀሐይ ነው። መለያው ከታች ነው፦ በፀሐይ የጠበበ ዓይን የታችኛውን ቆብና ጉንጩን ወደ ላይ ይሰበስባል፣ አፉም ላላ ይላል፤ የተቆጣ ሰው ግን ከንፈሩን ይጫናል። ከተጠራጠራችሁ ሰውየውን ወደ ጥላ ጋብዙት፤ ግንባሩ ከተፈታ ስሜት አልነበረም ማለት ነው።

የተለመዱ ስህተቶች፦ የዓይንን ነጭ እንደ ወረቀት አንጽቶ መተው (ዓይን ድቡልቡል ስለሆነ ጥላ አለው)፣ ሽፋሽፍትን አንድ በአንድ መቁጠር፣ የብርሃኗን ነጥብ በሁለቱ ዓይኖች ላይ የተለያየ ቦታ ማስቀመጥ።

8. አፍ

በከንፈሮች ዙሪያ መስመር አታዙሩ። መጀመሪያ በሁለቱ ከንፈሮች መካከል ያለውን መስመር ብቻ ሥሩ፤ የአፍ ስሜት ሁሉ እዚያ መስመርና በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን እ.ኤ.አ. በ1862 እንዳሳየው ከልብ የመጣ ፈገግታ ከንፈርን ብቻ አያነሣም፤ በዓይን ዙሪያ ያለውን ጡንቻም ይሰበስባል። ስለዚህ ሻጯ ደንበኛ ስትቀበል የከንፈሯ ጫፍ ተነሥቶ ዓይኗ ባለበት ከቀረ የምታዩት ጨዋነት ነው። እንዳለ ሥሩት፤ ዓይኗ ላይ የሌለ ደስታ አትጨምሩላት። በአፍና በዓይን መካከል ያለው አለመስማማት ሰውየው የያዘውን ነገር ከማንኛውም ነገር ይበልጥ ያወጣል።

የከንፈር ጫፎችን አታጥቁሩ፣ በጣትም ቢሆን አለስልሷቸው። ሊዮናርዶ በሞናሊዛ ላይ የአፍና የዓይን ጫፎችን በለስላሳ ጥላ ስለተዋቸው ነው ሰው እስከ ዛሬ ትስቃለች አትስቅም እያለ የሚከራከረው። የሚስቅ ሰው ጥርስ ሲታይ በየጥርሱ መካከል መስመር አታስገቡ፤ አጠቃላይ ነጩን ቅርጽ ብቻ ተዉለት። ስትስቅ አፏን በነጠላ ወይም በሻሽ ጫፍ የምትሸፍን ሴት ካጋጠመቻችሁ እጇን እንድታወርድ አትጠይቋት፤ መሸፈኗ ራሱ ሥዕላችሁ ነው።

9. እጅና ትከሻ

ሰው ፊቱን መግዛት ለምዷል፤ እጁን ግን ይረሳዋል። ጀርመናዊቷ ሠዓሊ ኬተ ኮልቪትስ እ.ኤ.አ. በ1910 ራሷን ስትሥል ግንባሯን በእጇ ይዛ ነው፤ የድካሙ ክብደት ያለው ጭንቅላቷ እጇ ላይ ባረፈበት ቦታ ነው። እናንተም ከተቻለ ቢያንስ አንድ እጅ አስገቡ። የሻጯ ግራ እጅ ቦርሳው ላይ ነው፤ ጣቶቿ ጨብጠዋል ወይስ አርፈዋል? የጨበጠ እጅ የአይበሉባው ጅማቶች ይወጣሉ፣ የጣት አንጓዎች ይሾላሉ፤ ያረፈ እጅ ጣቶቹ ይበታተናሉ። በመጀመሪያ እጁን እንደ አንድ ቅርጽ ያዙት፣ ጣቶቹን በኋላ ለዩ። ጥፍር ካልጠቀማችሁ ተዉት። እጅ ከባድ ነው ብላችሁ ጀርባ ኋላ ወይም ኪስ ውስጥ አትደብቁት፤ ተመልካች ያውቅባችኋል።

10. ጥላና ዝርዝር

ጥላ ከመጀመራችሁ በፊት ወደ ዓረፍተ ነገራችሁ ተመለሱ። ዝርዝር የሚገባው እዚያ የተጻፈው ቦታ ብቻ ነው። በእኛ ምሳሌ ዓይኗና ግራ እጇ ናቸው፤ እነሱን በ6ቢ ጨለማና በተሳለ መስመር ጨርሱ። ፀጉሯን፣ ሻሿን፣ ቲማቲሙን በስሱ እለፉ። ሁሉም ነገር እኩል ከተጠናቀቀ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

ጠይም ፊትን መጀመሪያ ሁሉን በጥቁር አልብሶ በኋላ በላጲስ ብርሃን ማውጣት የተለመደ ስህተት ነው፤ ቆዳው ይቆሽሻል። ከመካከለኛው ቀለም ጀምራችሁ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ጨለማው ውረዱ፤ የብርሃኑን ቦታ አትንኩት። ግንባርና አፍንጫ ላይ በላብ የሚያበራውን ነጥብ ግን ቀንሱት፤ እሱ የሙቀቱ ምልክት ነው፤ ካበዛችሁት የተሸበረ ሰው ያስመስላል። መጨማደድንም በጠቆረ መስመር አትቆፍሩ፤ በአንድ በኩል ጥላ፣ በሌላው ብርሃን ያለው እጥፋት አድርጋችሁ ያዙት። አለዚያ ባንድ ቀን 20 ዓመት ታስረጇታላችሁ።

በየ20 ደቂቃው ዕረፍት ስጡ። ተሣያችሁ ሲደክም የምታዩት ድካሙን ነው። ስትጨርሱ ከሰሉን ወረቀቱ ላይ የሚያጸና ፊክሳቲቭ ከሌላችሁ ሥዕሉን በስስ ወረቀት ሸፍናችሁ አኑሩት፤ የፀጉር ስፕሬይ የሚጠቀሙ አሉ፣ ከጊዜ በኋላ ግን ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል።

11. ሥዕሉን ፈትኑ

ተሣይዋን የሚያውቅ አንድ ሰውና የማያውቅ አንድ ሰው ፈልጉ። «ትመስላለች ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የሰፈር ሰው እንዳያስቀይማችሁ «አቦ አሪፍ ነው!» ብሎ ያልፋችኋል። «ምን እያደረገች ይመስላችኋል? ምን እያየች ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የማያውቃት ሰው «ሰው እየጠበቀች ነው» ወይም «ገንዘብ እያሰላች ነው» ካለ ሥዕሉ መናገር ጀምሯል፤ መልሱ እናንተ ካሰባችሁት ጋር ባይገጥም እንኳ ችግር የለም። «ቆንጆ ሴት ናት» ወይም «ሽንኩርት ትሸጣለች» ብቻ ካለ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ጥላው ላይ አይደለም፤ አራተኛው ደረጃ ላይ ነው። ተመልሳችሁ ሌላ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ከዚያ ለራሷ አሳዩአት። «እኔ እንዲህ ነኝ እንዴ?» ማለቷ አይቀርም። አትከራከሩ፣ አታስተካክሉላትም፤ እንዳይታይ የምትፈልገው ነገር እንዳለ ግን ጠይቋትና አለ ካለች ለሰው አታሳዩት። የሥዕሉን ቅጂ ስጧት። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ሰው በሌላ ሰዓት ሥሩ፤ በጠዋት ዕቃዋን ስትደረድር፣ በማታ የተረፈውን ስትሰበስብ። አሥር ሰው አንድ አንድ ጊዜ ከመሣል አንድን ሰው አሥር ጊዜ መሣል ያስተምራል፤ ያኔ የማይለወጠው መልኳ፣ የሚለወጠው ደግሞ ሐሳቧ መሆኑን በዓይናችሁ ትለያላችሁ።